ሌሊት የማይተኛው ቆጣሪ

በሞጣ ከተማ ዋና መንገድ ዳር የቆመ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። ምድር ቤቱ ሱቆችና አንድ ምግብ ቤት፣ አንደኛው ፎቅ ቢሮዎች፣ የላይኞቹ ፎቆች ደግሞ የእንግዳ ማረፊያ ክፍሎች ናቸው እንበል። ጊዜው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ሱቆቹ ተዘግተዋል፤ እንግዶቹ ተኝተዋል፤ የምግብ ቤቱ ምድጃ ቀዝቅዟል። የጥበቃ ሠራተኛው ብቻ ጋቢውን ተከናንቦ በሩ ላይ ተቀምጧል። በዚህ ሰዓት ውሃ የሚጠቀም ሰው የለም። ሆኖም ከጣራው ማጠራቀሚያ ወደ ክፍሎቹ በሚወርደው ቧንቧ ላይ የተገጠመው ቆጣሪ ቀስ እያለ ይዞራል። ውሃው ወዴት እየሄደ ነው?

በንግድ ሕንፃዎች ውስጥ ሾልኮ የሚጠፋን ውሃ ራሳቸው ተከታትለው የሚደርሱበት መሣሪያዎች ሁሉ መነሻቸው ይህ ጥያቄ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም መሣሪያዎቹ በየትኞቹ የፊዚክስ ሕጎች እንደሚሠሩ ማስረዳት፣ ወደ እኛ ከተሞች ሲመጡም ምን እንደሚገጥማቸው ማሳየት ነው። ፍሬ ነገሩን አስቀድመን እንናገር፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚሠራው የሕንፃውን የጸጥታ ሰዓት በማወቅ ነው። አንድ ሕንፃ መቼ ጸጥ እንደሚል የማያውቅ መሣሪያ፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ የሚባክነውን ውሃ ከሚጠጣውና ከሚታጠብበት ውሃ ሊለየው አይችልም።

የአንዲት ቀዳዳ ስሌት

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ ስለ ወንዝ ቢሆንም ለቧንቧም ይሠራል። የፈነዳ ቧንቧ ወዲያው ይታያል፤ ሰው ይጮኻል፣ ቫልቭ ይዘጋል። በግድግዳ ውስጥ ወይም ከወለል በታች ያለች ትንሽ ቀዳዳ ግን ለወራት ዝም ብላ ታፈስሳለች።

ምን ያህል እንደምታፈስስ እናስላ። ጣሊያናዊው ሊቅ ኢቫንጀሊስታ ቶሪቼሊ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዳሳየው፣ ከማጠራቀሚያ በታች ባለች ቀዳዳ የሚወጣ ውሃ ፍጥነቱ ከዚያው ከፍታ በነፃ ከወደቀ ዕቃ ፍጥነት ጋር እኩል ነው። በጣራው ላይ ያለው እምቅ ጉልበት በቀዳዳዋ ላይ ወደ እንቅስቃሴ ጉልበት ይለወጣል። ቀዳዳዋ ከውሃው ወለል 10 ሜትር ዝቅ ብላ ብትገኝ ፍጥነቱ በሰከንድ 14 ሜትር ይሆናል፤ ይህም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሮጥ መኪና ፍጥነት ነው።

የቀዳዳዋ ዲያሜትር 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ስፋቷ 3.14 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ውሃው ሲወጣ ስለሚቀጥንና በሰበቃም ጥቂት ጉልበት ስለሚያጣ ውጤቱን በ0.6 እናባዛዋለን። በዚህም መሠረት በሰከንድ 0.026 ሊትር፣ በሰዓት 95 ሊትር፣ በቀን ደግሞ 2,280 ሊትር ያህል ይፈስሳል። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 114 ጊዜ የሚሞላ ውሃ ነው። ይህን ሁሉ የምታጠፋው ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ አንዲት ቀዳዳ ናት።

ጉዳቱ በውሃ ሒሳብ ብቻ አያበቃም። በሞጣና በቢቸና አካባቢ ያደገ ሰው ጥቁሩን ዋልካ አፈር ያውቀዋል። ዋልካ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ለጤፍ የተስማማው ይህ አፈር ለሕንፃ መሠረት አስቸጋሪ ነው። ከመሠረቱ በአንዱ ጎን ብቻ ውሃ ሲሾልክ ያ ጎን ያብጣል፤ ሌላው እንደ ነበረ ይቀራል፤ ግድግዳውም በመካከል ይሰነጠቃል። ባለቤቱ ስንጥቁን በሲሚንቶ ይደፍነዋል፤ መንሥኤው ግን ከታች ሥራውን ይቀጥላል።

በዓለም ደረጃ የውሃ አገልግሎት ድርጅቶች ካመረቱት ውስጥ ገቢ ሳያስገኝ የሚቀረው ውሃ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት በዓመት 126 ቢሊዮን ሜትር ኩብ እንደሚደርስ ተገምቷል። በዚህ ግምት ውስጥ ከከተማ ቧንቧዎች የሚፈስሰው፣ በቆጣሪ ስሕተት የሚታለፈውና የሚሰረቀውም ይገኙበታል። በሕንፃ ውስጥ ከቆጣሪ ወዲህ የሚፈስሰው ግን በዚህ አይቆጠርም፤ ምክንያቱም ተከፍሎበታል። ለድርጅቱ ሽያጭ ነው፤ ለባለቤቱ ኪሳራ ነው፤ ውሃ ለሚጠብቀው ጎረቤት ደግሞ ያልደረሰው ድርሻ ነው። ስለዚህ ይህን ውሃ የመፈለግ ኃላፊነት የሕንፃው ነው።

መሣሪያዎቹ ምን ያዳምጣሉ?

ሾልኮ የሚጠፋ ውሃ አራት ዓይነት ምልክት ይሰጣል። እነዚህም ፍሰት፣ ግፊት፣ ድምፅና እርጥበት ናቸው።

የመጀመሪያው ፍሰት ነው። ቁስ ከምንም አይፈጠርም፣ ወደ ምንምነትም አይጠፋም። ስለዚህ ወደ ቧንቧ የገባው ውሃ በመጠቀሚያዎቹ ከወጣው ውሃ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ልዩነት ካለ ቀዳዳ አለ። ዘመናዊ ቆጣሪዎች ይህን ለመከታተል በተሽከርካሪያቸው ላይ ትንሽ ማግኔት ይይዛሉ። ማግኔቱ በዞረ ቁጥር በአጠገቡ ያለ ሴንሰር አንድ የኤሌክትሪክ ምት ይሰጣል። አንዳንዶቹ ሴንሰሮች የሚሠሩት አሜሪካዊው ኤድዊን ሆል እ.ኤ.አ. በ1879 ባገኘው ክስተት ነው፤ ይኸውም ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ነገር በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲገባ በጎኖቹ መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠራል።

ተሽከርካሪ የሌላቸው ቆጣሪዎችም አሉ። በአልትራሳውንድ የሚሠሩት ድምፅን አንድ ጊዜ ከፍሰቱ ጋር፣ ሌላ ጊዜ ከፍሰቱ ተቃራኒ ይልካሉ። ድምፅ ከወንዝ ጋር እንደሚዋኝ ሰው ከፍሰቱ ጋር ሲሆን ቀድሞ ይደርሳል። በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ውሃው በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር ሲጓዝ፣ የሁለቱ ጉዞዎች የጊዜ ልዩነት 9 ናኖ ሰከንድ ያህል ነው። ይህን የሚለካ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ዛሬ በእጅ መዳፍ ውስጥ ይገባል። በአንጻሩ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1832 በለንደን ዋተርሉ ድልድይ ላይ ሆኖ የቴምዝን ወንዝ ፍሰት በምድር መግነጢሳዊ መስክ አማካይነት ለመለካት ሞክሮ አልተሳካለትም ነበር። ሐሳቡ ግን ትክክል ስለነበረ ዛሬ በኤሌክትሮማግኔታዊ ቆጣሪዎች ውስጥ ይሠራል።

ሁለተኛው ምልክት ግፊት ነው። የአንድ ውሃ ዓምድ ግፊት በከፍታው ይወሰናል፤ 10 ሜትር ከፍታ አንድ አትሞስፌር ያህል ይሰጣል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የእንጦጦን ውሃ በቧንቧ ወደ አዲስ አበባው ቤተ መንግሥት ያደረሰው በዚሁ ሕግ ነው። ምንጩ ከመድረሻው ከፍ ያለ እስከሆነ ድረስ ውሃው ሸለቆ ወርዶ ዳገት ይወጣል። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀውንና ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመውን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ ለንጽጽር ብንወስድ፣ ከጫፉ እስከ ሥሩ የሚደርስ አንድ ያልተቋረጠ የውሃ ዓምድ ከታች 20 አትሞስፌር ግፊት ይኖረዋል። በጣም ረጅም በሆኑ ሕንፃዎች የውሃ መሥመሩ በየደረጃው የሚከፋፈለው ስለዚህ ነው።

ግፊት ቀዳዳን የሚያጋልጠው እንዴት ነው? ውሃ በቀላሉ አይታመቅም። 50 ሊትር ውሃ የያዘ፣ ፈጽሞ የማይለጠጥ ቧንቧ ከሁለቱም ጫፍ ተዘግቷል እንበል። ከዚህ ውስጥ 2.3 ሚሊ ሊትር ብቻ፣ ማለትም 46 ጠብታ ያህል፣ ቢወጣ ግፊቱ በአንድ አትሞስፌር ይቀንሳል። እውነተኛ ቧንቧ ጥቂት ስለሚለጠጥና አየርም ስለሚይዝ ለውጡ ከዚህ ይዘገያል። ቢሆንም ሌሊት መሥመሩን ለጥቂት ደቂቃ ዘግቶ ግፊቱን የሚለካ መሣሪያ፣ ሜካኒካዊ ቆጣሪ የማይሰማውን ጠብታ ይሰማል። በሰከንድ አንድ ጊዜ ጠብ የሚል ቧንቧ በሰዓት የሚያፈስሰው 180 ሚሊ ሊትር ያህል ነውና የተለመደውን ቆጣሪ አያንቀሳቅስም።

ሦስተኛው ድምፅ ነው። በጠባብ ቀዳዳ የሚሾልክ ውሃ ያፏጫል፤ ቧንቧውንም ያንቀጠቅጠዋል። የጥንት የውሃ ሠራተኞች የእንጨት ወይም የብረት ዘንግ ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጡ ነበር። የዛሬ መሣሪያዎች በጆሮ ፋንታ ሁለት ሴንሰሮችን በቧንቧው ሁለት ጫፎች ያስቀምጣሉ። በ60 ሜትር የብረት ቧንቧ ውስጥ ድምፁ በሰከንድ 1,200 ሜትር ቢጓዝና አንዱ ሴንሰር ከሌላው 0.02 ሰከንድ ቀድሞ ቢሰማ፣ የርቀቶቹ ልዩነት 24 ሜትር ነው። ከ60 ላይ 24 ቀንሰን ለሁለት ስናካፍል ቀዳዳው ቀድሞ ከሰማው ሴንሰር 18 ሜትር ላይ መሆኑን እናውቃለን። ወለሉን ሁሉ መቆፈር ቀርቶ አንድ ቦታ ብቻ ይቆፈራል። ይሁን እንጂ ዛሬ በአዳዲስ ሕንፃዎች የሚገጠሙት ፒፒአርና ሌሎች የፕላስቲክ ቧንቧዎች ድምፅን ቶሎ ያፍናሉ። በእነሱ ውስጥ ሞገዱ ይበልጥ ቀስ ብሎ ስለሚጓዝም በብረት ፍጥነት የተሞላ መሣሪያ የተሳሳተ ቦታ ያስቆፍራል።

አራተኛው እርጥበት ነው። ከወለል ላይ ሁለት እርስ በርስ የማይነካኩ ሽቦዎች ይዘረጋሉ። የቧንቧ ውሃ የሟሙ ጨዎችን ስለሚይዝ ሽቦዎቹን ሲያገናኝ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ደወሉም ይጮኻል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ውሃው ሽቦው ያለበት ቦታ ካልደረሰ አያውቅም።

ከማወቅ ወደ መወሰን

ምልክት መስማት ብቻውን በቂ አይደለም፤ መሣሪያው መወሰን አለበት። በጣም የተለመደው ደንብ እንዲህ ይላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ፍሰቱ ለግማሽ ሰዓት ያህል እንኳ ዜሮ ሆኖ ካላደረ አንድ ቦታ ይፈስሳል። ሰው ውሃ የሚከፍተው ሊዘጋው ነው፤ ቀዳዳ ግን አይዘጋም። በየሊትሩ አንድ ምት የሚሰጥ ቆጣሪ በእኛ ምሳሌ ሌሊቱን በየሰዓቱ 95 ምት ይመዘግባል፤ ይህም ከእንግዶች አጠቃቀም በተለየ መልኩ ወጥ ሆኖ ይቀጥላል። መሣሪያው ይህን ሲያይ በሞባይል መልእክት ይልካል፤ ወይም በሞተር የሚሠራ ቫልቭ ይዘጋል።

ቫልቩ ግን በድንገት መዘጋት የለበትም። ሩሲያዊው ኒኮላይ ዡኮቭስኪ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሞስኮ የውሃ ቧንቧዎች ላይ ባደረገው ጥናት እንዳሳየው፣ የሚጓዝ ውሃ በቅጽበት ሲቆም የሚፈጠረው ተጨማሪ ግፊት የሦስት ነገሮች ብዜት ነው። እነሱም የውሃው እፍግታ፣ በቧንቧው ውስጥ ያለው የሞገድ ፍጥነትና የቆመው ውሃ ፍጥነት ናቸው። በሜትር ኩብ 1,000 ኪሎ ግራም፣ በሰከንድ 1,200 ሜትርና በሰከንድ 1 ሜትር ሲባዙ 1.2 ሚሊዮን ፓስካል፣ ማለትም 12 አትሞስፌር ያህል ይሰጣሉ። አንዲት ቀዳዳ ለመድፈን የገባ ቫልቭ ቸኩሎ በመዘጋቱ ሌላ መገጣጠሚያ ሊያፈነዳ ይችላል።

የእኛ ሌሊት

እስካሁን ያየነው ሁሉ ውሃ 24 ሰዓት በማይቋረጥበት ከተማ የተፈተነ ነው። በዚያ የመሣሪያዎቹ አምራቾች ሌሊት ጸጥታ ነው ብለው ይነሣሉ። በአገራችን ብዙ ከተሞች ግን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ሲሆን አዘውትሮም በሌሊት ነው። በር ላይ ያለው የከተማው ቆጣሪ በኃይል የሚዞረው ሰው ሁሉ ተኝቶ የጣራው ሮቶ በሚሞላበት ሰዓት ነው። ከውጭ የመጣ መሣሪያ በዚህ ቆጣሪ ላይ ቢገጠም ውሃ በመጣ ቁጥር «ይፈስሳል!» ብሎ ይጮኻል። በተጨማሪም ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ ቀድሞ የሚመጣው አየር ነው፤ አየሩም ተሽከርካሪውን ያዞረዋል። ባለቤቱ ሦስት ሌሊት በከንቱ ከተቀሰቀሰ በኋላ በአራተኛው መሣሪያውን ይነቅለዋል።

መፍትሔው ቦታ መለወጥ ነው። ሁለተኛ ቆጣሪ ከሮቶው ወደ ክፍሎቹ በሚወርደው ቧንቧ ላይ ይገጠማል። ከዚያ ወዲህ ውሃ በፈረቃ መጣም አልመጣ፣ ሮቶው ባዶ እስካልሆነ ድረስ ግፊቱ አይቋረጥም፤ ሌሊቱም እውነተኛ ሌሊት ይሆናል።

ሌላው ቀርቶ ሮቶው ራሱ መለኪያ ነው። ዲያሜትሩ 1.2 ሜትር የሆነ ሲሊንደር ማጠራቀሚያ የወለሉ ስፋት 1.13 ካሬ ሜትር ነው። ውሃ በማይገባበት ሰዓት የእኛ ቀዳዳ የውሃውን ከፍታ በየሰዓቱ በ8.4 ሴንቲ ሜትር ትቀንሰዋለች። ከሥሩ የተገጠመ የግፊት ሴንሰር ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 98 ፓስካል ስለሚያነብ ይህን በቀላሉ ያያል።

እዚህ ላይ ግን ለፊዚክስ ተማሪ የምትሆን አንዲት ወጥመድ አለች። ሴንሰሩ የውሃውን ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት ጋር ደምሮ የሚያነብ ዓይነት ከሆነ፣ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋው የሞጣ ከፍታ ላይ ማጠራቀሚያው ባዶ ሲሆንም 75,000 ፓስካል ያህል ያሳያል። ይህ ቁጥር ደግሞ ጸንቶ አይቆምም። በምድር ወገብ አካባቢ ባሉ አገሮች የአየር ግፊት በቀን ሁለት ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ብሎ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱም ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የውሃ ከፍታ ያህል ይሆናል። ጥንቃቄ የጎደለው መሣሪያ ይህን የሰማይ እስትንፋስ እንደ ቀዳዳ ይቆጥረዋል። መፍትሔው አንዱ ጎኑ ለአየር ክፍት የሆነና ልዩነቱን ብቻ የሚያነብ ሴንሰር መጠቀም ነው።

ሦስተኛው ችግር ሰዓት ነው። በመሣሪያው መመሪያ ላይ የሌሊት ክትትል ከ2 እስከ 4 ሰዓት ተብሎ ይጻፋል፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ገጣሚው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር «2» ብሎ ቢሞላው፣ መሣሪያው ሌሊት ብሎ የሚጠብቀው እንግዶች የሚታጠቡበትን የጠዋት ሰዓት ይሆናል። ከዚያም እንግዳው ሳሙና እንደተቀባ ቫልቩ ይዘጋበታል። ስሕተቱ የስድስት ሰዓት ነው፤ መንሥኤውም የሽቦና የሴንሰር ጉዳይ ሳይሆን ሁለት የሰዓት አቆጣጠሮች አለመነጋገራቸው ነው።

አራተኛው የዓመቱ ዙር ነው። የፋሲካ ሌሊት ማዕድ ቤት አይተኛም። በረመዳን ወር ለሱሁር የሚነሡ እንግዶች ከንጋት በፊት ውሃ ይከፍታሉ። የገበያ ቀን ዋዜማ ከገጠር የመጣ እንግዳ ክፍሎቹን ይሞላል። ስለሆነም መሣሪያው አንድ ቋሚ ቁጥር ከመያዝ ይልቅ የብዙ ሌሊቶችን መዝገብ ይዞ የሕንፃውን ልማድ መማር አለበት። መብራት በጠፋ ጊዜም መዝገቡ እንዳይጠፋ ባትሪ ያስፈልገዋል።

በእርሳስና በወረቀት

ይህ ሁሉ ገንዘብ ላላቸው ብቻ ነው እንዳይባል፣ መሣሪያው የሚያደርገውን አንድ ተማሪ በእርሳስና በወረቀት ሊያደርገው ይችላል። የትምህርት ቤታችሁን ወይም የጎረቤታችሁን ሕንፃ በባለቤቱ ፈቃድ ምረጡ።

በመጀመሪያ፣ ከሮቶው በኋላ ቆጣሪ ካለ ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላና ንጋት ላይ ማንም ሳይነሣ አንብቡት። ቆጣሪ ከሌለ የሮቶውን ውሃ ከፍታ በሜትር ለኩ፤ ወደ ሮቶው የሚገባው ቧንቧ ግን መዘጋቱን አረጋግጡ። የከፍታውን ለውጥ በወለሉ ስፋት አባዙና በሰዓቱ ብዛት አካፍሉ። ልኬቱን ቢያንስ ሦስት ሌሊት ደጋግሙት፤ አንድ ሌሊት የሽንት ቤት የተጠቀመ እንግዳ ሊያሳስታችሁ ይችላልና።

ቀጥሎ፣ ውጤቱ ዜሮ ካልሆነ የየፎቁን ቫልቭ ተራ በተራ ዝጉ። የአንደኛው ፎቅ ሲዘጋ ቆጣሪው ከቆመ ቀዳዳው እዚያ ነው። ከዚያም በዚያ ፎቅ የሽንት ቤቶቹን የውሃ ሳጥኖች ፈትሹ፤ ጥቂት የምግብ ቀለም በሳጥኑ ውስጥ ጨምራችሁ ሃያ ደቂቃ ሳታፈስሱ ቆዩ። ቀለሙ በመቀመጫው ውስጥ ከታየ ጎማው አይዘጋም ማለት ነው። በብዙ ሕንፃዎች ሌሊት የሚዞረው ቆጣሪ ምክንያቱ ይኸው ጎማ ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ወለል አያረጥብም፣ ውሃው ቀጥታ ወደ ፍሳሽ መሥመር ይሄዳል።

ውድ ተማሪዎች፣ መሣሪያው ቀዳዳ ያሳውቃል እንጂ አይጠግንም። መልእክቱ የደረሰው ባለቤት የቧንቧ ሠራተኛ ካልጠራ፣ በሞባይሉ ውስጥ የተጠራቀሙት ማስጠንቀቂያዎች ከቀዳዳዋ የሚፈስሰውን ውሃ አንዲት ጠብታ አይቀንሱትም። በአንጻሩ ስሌቱን በወረቀት የያዘ ተማሪ ለሕንፃው ባለቤት «በየቀኑ 114 ጀሪካን ውሃ እየጠፋብዎት ነው፤ የሚጠፋውም ከሁለተኛው ፎቅ ነው» ብሎ ሊነግራቸው ይችላል። እንዲህ ያለ ንግግር ከደወል ይልቅ ይሰማል። የሞጣም ሆነ የቢቸና የሳይንስ ክበባት በአንድ የትምህርት ዘመን አምስት ሕንፃዎችን በዚህ መንገድ ቢለኩ፣ የከተማቸውን ሌሊት የሚያሳይ መዝገብ ይኖራቸዋል። ነገ ለእኛ ፈረቃ፣ ለእኛ ሰዓትና ለእኛ በዓላት የሚስማማ መሣሪያ የሚሠራ መሐንዲስም ሥራውን የሚጀምረው ከእንዲህ ዓይነቱ መዝገብ ነው።